የሳፋው ቦታ

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ አንድ ዓይነት ቤት አለ፤ አንዱን ያየ ሁሉንም አይቷል። ፊቱ ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው፣ ጣራው ከመንገድ አይታይም፣ ቀለሙ ክሬም ነው። ባለቤቶቹ ዘመናዊ ይሉታል። ዘመናዊነቱ ምኑ ላይ ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ጣራው አለመታየቱ ላይ ነው። ቆርቆሮው ከግንቡ ጀርባ ተደብቋል፣ ውሃ የሚወርድበት አሸንዳም እዚያው ተደብቋል፤ አልደበቅም ያለው ዝናቡ ብቻ ነው። እዚያ አገር ደግሞ ዝናብ እንግዳ አይደለም። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት የቤት ልጅ ነው፣ በቀሩትም ወራት ብቅ ማለቱን አይተውም። አሸንዳው በቅጠል ሲደፈን ውሃው መሄጃ ያጣና ወደ ሳሎን ይገባል፤ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ ከመስኮቱ በስተግራ ባለው ጥግ። እዚያ ጥግ ሳፋ ይቀመጣል፣ በሁሉም ቤት።

ቤተልሔም ያደገችው ከእንዲህ ዓይነቱ ሳፋ አጠገብ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት አክስቷ ወለላ ናት፤ ገበያ ላይ ኮረሪማና ዝንጅብል የምትሸጥ፣ አማርኛውን በቤንችኛ ዜማ የምትናገር፣ እሁድ እሁድ ጸሎት ቤት ከመዘምራኑ ፊት የምትቆም ሴት። ቤቱን ያሠራው ባሏ ነበር፣ በሕይወት ሳለ። ገብተው በሦስተኛው ሳምንት ጥጉ ማንጠብጠብ ጀመረ። ግንበኛው ተጠራ፤ ፕላኑን ዘርግቶ አሳየና «እኔ እንደ ወረቀቱ ነው የሠራሁት» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወለላ ሰማያዊ ሳፋዋን ጥጉ ላይ እያስቀመጠች፣ ሲሞላ እየደፋች፣ አሥራ አራት ዓመት ኖረች። ቤተልሔም የቤት ሥራዋን የሠራችው ጠብ ጠብ ሲል እየሰማች ነው። ሳፋው መሙላቱን ከድምፁ ታውቅ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያደገች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አርክቴክቸር ልማር ብትል ምን ይደንቃል? ወለላም አልደነቃትም። መናኸሪያ ልትሸኛት ወጥታ፣ ቦርሳዋን በአውቶቡሱ መስኮት አቀብላ፣ አንድ ነገር ብቻ አለቻት። «ያንን ቤታችንን የነደፈውን ሰው አንድ ቀን ካገኘሽው ጠይቂልኝ። እሱ አገር አይዘንብም ወይ በይልኝ።»

«እጠይቅልሻለሁ እትዬ» አለች ቤተልሔም እየሳቀች።

ዩኒቨርሲቲው ሩቅ ነበር፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። መጥራት የሚያስፈልገው የአንድ መምህር ስም ነው። ዶክተር ሸዋንግዛው ይባላል። ክረምት ከበጋ ጥቁር ይለብሳል፤ አርክቴክት የሚለብሰው ጥቁር ነው ብሎ የነገረው ሰው ሳይኖር አይቀርም። ሲናገር ዓይኑን ጨፍኖ ነው። «ሕንጻው ይተነፍሳል ወይ?» ይላል። «ባዶው ቦታ ያናግራችኋል ወይ?» ይላል። ባዶ ቦታ የሚያናግረውን ሰው ሌላ መንደር ቢሆን ጠበል ይወስዱት ነበር፤ እዚህ ግን ተማሪ ማስታወሻ ይይዝለታል። ስንት ቤት እንዳሠራ የሚያውቅ የለም። ስለ ቤት ስንት ሰዓት እንደተናገረ ግን የተማሪዎቹ ወገብ ይመስክር።

በአራተኛ ዓመቷ ቤተልሔም አንድ ትንሽ ክሊኒክ ነድፋ ጁሪ ፊት ቀረበች። ጁሪ የሚሉት የተማሪው ሥራ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ መምህራን ተደርድረው የሚመዝኑበትን ቀን ነው። ከካርቶን የሠራችው ሞዴል ጣራው ሰፊ ነበር፤ ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ወጥቶ የሚያጠላ፣ ውሃውን አርቆ የሚጥል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደክማበታለች። ሸዋንግዛው ጣራውን በሁለት ጣቱ አነሳው፣ እንደ ሞተ አይጥ።

«ይሄ ምንድን ነው? ጎተራ ነው?»

ተማሪው ሳቀ። መሳቅ ነበረበት፣ ውጤት የሚሰጠው ሰውየው ነው።

«በእኛ በሚዛን በኩል ዝናብ ስለሚበዛ ነው ዶክተር።»

«ዝናብ የቧንቧ ሠራተኛ ጉዳይ ነው» አለ ሸዋንግዛው። «አንቺ እዚህ የመጣሽው አርክቴክት ልትሆኚ ነው። የቆርቆሮ ጣራ ለሰው መታየት የለበትም። ይሄን አንደኛ ዓመት ላይ መጨረስ ነበረብሽ።» ጣራውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ሲ» ውጤት ሰጣት። የመመረቂያ ሥራዋንም የሚመዝነው እሱ ነበርና፣ አንድ ጊዜ ደግማ ብታስከፋው አምስት ዓመቷ ገደል ገባ ማለት ነው፤ ይህን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ቤተልሔም የካርቶን ጣራዋን ሰብስባ ወጣች።

ለሥራ ልምምድ አገሯ ተመለሰች። የደረሳት ሚዛን ውስጥ ፕላን የሚሠራው የሳህሉ ቢሮ ነው፤ ከሞባይል መሸጫው በላይ ያለች አንዲት ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ። ጋሽ ሳህሉ አርክቴክት አይደለም። ድሮ ለመሐንዲሶች ፕላን ይስል የነበረ፣ ሆዱ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር የተላመደ ሰው ነው። ያለው ደግሞ አንድ ፋይል ነው። ደንበኛ ሲመጣ ፋይሉን ይከፍታል፣ የባለቤቱን ስም ይቀይራል፣ ያትማል። ደንበኛው «ከጎረቤቴ የተለየ ይሁንልኝ» ካለ ጥቂት ያስባል፣ አገጩን ያሻል፣ ከዚያ ግራውን ወደ ቀኝ ይገለብጠዋል። ያኔ ሳፋው በስተቀኝ ይሆናል ማለት ነው።

ቤተልሔም በመጀመሪያው ሳምንት ሳህሉን ናቀችው። በሁለተኛው ሳምንት ደንበኞቹንም ናቀች። ለዚህ ያበቃት አቶ ፍቅሩ ነው፤ ሸኮ ላይ ቡና ያለው፣ ጭቃ የነካው ጫማ በሩ ላይ አውልቆ በካልሲ የሚገባ ጨዋ ሰው። ፕላኑን ዘረጉለት። መኝታ ቤቱን አየ፣ ኩሽናውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ሁሉም ደኅና ነው» አለ። «ሳፋው የት ነው የሚቀመጠው?»

ሳህሉ አላፈረም። ጣቱን ጥጉ ላይ አሳረፈ። «እዚህ።»

«ወንድሜ ቤት ከሶፋው ጋር ተጋጭቶበታል። ትንሽ ወደ ጥግ አትገፋልኝም? ወለሉንም እዚያ ጋ ዝቅ ብታደርግልኝ፣ ልጆች ሲሯሯጡ እንዳይደፉት።»

ሳህሉ እርሳስ አንስቶ ጥጉ ላይ ክብ ሠራ። ክብ። ሰው በጤናው ተቀምጦ ቤቱ ውስጥ ለሚዘንበው ዝናብ ቦታ ሲያስይዝ ቤተልሔም ቆማ አየች፤ ዝም ማለት አልቻለችም።

«አቶ ፍቅሩ፣ ቤት ውስጥ እኮ መዝነብ የለበትም።»

ሰውየው በሐዘኔታ አያት። «የኔ ልጅ፣ የምሠራው ዘመናዊ ቤት ነው።»

ወረቀት ስባ ጣራውን ከግድግዳው አውጥታ ሳለችለት፤ ውሃው የት እንደሚወድቅ በቀስት አሳየችው። ፍቅሩ አየውና ፈገግ አለ። «ይሄማ የአባቴ ቤት ነው።»

«የአባትዎ ቤት ያፈስ ነበር?»

«ኧረ እሱ አያፈስም። እስካሁን አንድ ጠብታ የለውም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ሰው ምን ይለኛል?» አለ ፍቅሩ፤ ክቧ የተሠራችበትን ፕላን አጥፎ ብብቱ ውስጥ አስገባና ጫማውን አድርጎ ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ሳህሉ ክቧን በኮምፒውተር እንድትሠራው አዘዛት፤ ዲያሜትሩ ስልሳ ሴንቲሜትር፣ የገበያው ትልቁ ሳፋ ልክ ነው። ቤተልሔም ጥርሷን ነክሳ ፋይሉን ከፈተችው። ፋይሉ እርስ በርሱ የተነባበረ ነበር፤ አንዳንዱ ሥዕል እንዳይታይ ተደርጎ ከሥር ተኝቷል። ምን እንዳለ ልይ ብላ የተደበቀውን ሁሉ አበራችው። ከወረቀቱ ጥግ፣ አሁን የፍቅሩ ስም ከተጻፈበት ሳጥን ሥር፣ ሌላ ሳጥን ወጣ። ነዳፊ ይላል፤ ሸዋንግዛው፣ ከነአባቱ ስም፣ ከነፊርማው። ያቺን የተጠማዘዘች ፊርማ «ሲ» ከተጻፈበት ወረቀት ሥር አይታታለች።

«ጋሽ ሳህሉ፣ ይሄ ፕላን ከየት የመጣ ነው?»

«ድሮ አንድ ድርጅት ለሠራተኞቹ ቤት ሊሠራ አስነድፎት ነበር። እኔ ያኔ እነሱ ጋ ነበርኩ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ወጣት አርክቴክት ነድፎ ላከው።»

«መጥቶ ቦታውን አይቷል?»

«ለምን ይመጣል? መንገዱን አታውቂውም እንዴ።» ሳህሉ ሻዩን ፉት አለ። «ድርጅቱ ሦስት ቤት ሠርቶ ተወው። ሰው ግን ወደደው።»

«እንደሚያፈስ አላወቅህም?»

«የኔም ቤት ያፈሳል» አለ ሳህሉ፤ ነገሩ በዚህ ያለቀ መሰለው።

ቤተልሔም ያንን ወረቀት የድሮው ስም እንደታየ አተመችው። ደስታ ነበር የተሰማት፣ ክፉ ደስታ። አራት ዓመት ሙሉ ሕንጻ ይተነፍሳል ሲል የኖረ ሰው፣ ሰውን በገዛ ቤቱ ጉንፋን ያስያዘ ሕንጻ ነድፎ ነበር። ጣራውን እንደ አይጥ በሁለት ጣት ያነሳባት ሰው የአክስቷን ሳሎን ከአሥራ አራት ዓመት በላይ አበስብሷል። ባጃጅ ይዛ በቀጥታ ገበያ ሄደች።

ወለላ ኮረሪማ እየለቀመች ነበር። «ሰውየውን አገኘሁት እትዬ» አለቻት።

«የቱን ሰውዬ?»

«ቤታችንን የነደፈውን። አስተማሪዬ ነው።»

ወለላ እጇ ኮረሪማው ላይ ቀረ። ከዚያ ሳቀች፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እስክትጠርግ ሳቀች። ስትጨርስ ግን ፊቷ ኮስተር አለ። «እንግዲህ ጠይቂልኝ» አለች። «በአክብሮት ጠይቂው ደግሞ፣ አስተማሪሽ ነው። እኔ አልሰድበውም። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«እጠይቀዋለሁ። በሰው ፊት ነው የምጠይቀው።»

ለመመረቂያ ሥራዋ የመረጠችው ቴፒ ላይ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ነበር። ሳምንት ሙሉ ቴፒ ሰንብታ ገበሬው ቡናውን ተሸክሞ ዝናብ ሲመጣ የት እንደሚጠለል፣ ጆንያው ምን ላይ እንደሚያርፍ፣ ሰው ከማን ቤት ጣራ ሥር ቆሞ እንደሚያወራ አየች። ከዚያ ተመልሳ ሁለት ሥራ ሠራች። የመጀመሪያው ሸዋንግዛው እንደሚወደው ነው፤ ቀጥ ያለ ፊት፣ የተደበቀ ጣራ፣ የተደበቀ አሸንዳ። ሕንጻው ለሁለት ተሰንጥቆ ውስጡ በሚታይበት ሥዕል ላይ ግን፣ ከአዳራሹ ጥግ፣ አንድ ሰማያዊ ሳፋ ሳለች፤ ከኮርኒሱ ወደ ሳፋው የሚወርዱ ጠብታዎችንም ጨመረች። ሁለተኛው እውነተኛው ነው። ጣራው ሁለት ሜትር ወጥቶ በዙሪያው መቶ ሰው የሚያስጠልል፣ ከጆንያ ማሳረፊያ አግዳሚ ጋር። ልቧ ያለው በዚህ ነበር። ከእሱ ጋር የድሮውን የሸዋንግዛውን ፕላን አብራ ጠቀለለችው።

ያሰበችው ግልጽ ነው። የመጀመሪያውን ትሰቅላለች። ሰውየው ሳፋውን ያይና ይሄ ምን ቀልድ ነው ይላል። ያኔ ጥቅልሉን ትፈታለች፣ የራሱን ፊርማ ከፊቱ ትሰቅላለች፣ የወለላን ጥያቄ በአክብሮት ትጠይቀዋለች፤ ከዚያም እውነተኛውን ሥራዋን ታሳያለች። በውጤት ይጥላት ይሆናል። ይጣለኝ ብላ ቆርጣ ነበር፣ ቢያንስ እስከ ዋዜማው ድረስ።

በጁሪው ቀን ከመምህራኑ ሌላ አንድ እንግዳ ተጋብዞ ነበር፤ ኢንጂነር ባዘዘው፣ ዕድሜውን በየገጠሩ ትምህርት ቤት ሲያሠራ የጨረሰ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ። ቤተልሔም ሥራዋን ሰቀለች፣ ጥቅልሉን በግራ እጇ ይዛ ቆመች፣ ተናገረች። ሸዋንግዛው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ባዘዘው ግን ተነስቶ ወደ ግድግዳው ተጠጋ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ጣቱን ጥጉ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«ሳፋ ነው።»

«እውነት እዚያ አገር ሰው ሳሎኑ ውስጥ ሳፋ ያስቀምጣል?»

«አዎ። እንዲህ ያለ ጣራ ባለበት ቤት ሁሉ ያስቀምጣል።»

«ለምን?» አለ ሽማግሌው፤ ደግ ጥያቄ ነበር፣ በር ከፍቶ ግቢ እንደ ማለት።

ቤተልሔም አፏን ከፈተች። አውራ ጣቷ የጥቅልሉ ክር ላይ ነበር። ሸዋንግዛው ዓይኑን የገለጠው ይሄኔ ነው።

«ባህላቸው ነዋ» አለ። ተነስቶ መጣ፣ ሥዕሉ ፊት ቆመ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እስቲ እዩት። ሌሎቻችን ዝናብን እናባርራለን፤ ይህ ሕዝብ ግን ቤቱ ይጋብዘዋል። ከሰማይ ጋር ሳሎን ውስጥ ይገናኛል። ይህቺ ልጅ አምና ጎተራ ነበር ያመጣችልኝ፣ ዘንድሮ ግን ገብቷታል። ይሄ ሳፋ የዚህ ሕንጻ ልብ ነው።» ሁለት መምህራን ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አንዱ ጻፈ። የጻፈውን እግዜር ይይለት።

ባዘዘው ግን አልለቀቀም። ፊቱን ወደ ልጅቷ መለሰ። «እንደሱ ነው?»

ሸዋንግዛው ፈገግ ብሎ ያያታል። በሕይወቱ ለማንም ተማሪ እንዲህ ፈገግ ብሎ አያውቅም። ቤተልሔም ሰማያዊውን ሳፋ አየች፣ ፈገግታውን አየች፣ ጥቅልሉን አየች። አምስት ዓመቷን አሰበች።

«ነው» አለች።

«ያ የያዝሽውስ?» አለ ሽማግሌው፣ ወደ ጥቅልሉ እያመለከተ።

«ትርፍ ወረቀት ነው።»

ባዘዘው መነጽሩን አወለቀ፣ ጥቂት አያት፣ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ሸዋንግዛው ኤ ሰጣት። በሚመጣው ጉባኤ ስለ ሳፋው ጽሑፍ እንደሚያቀርብ፣ ስሟንም ምስጋናው ላይ እንደሚጠቅስ ነገራት፤ ይህን ያህል ቸር ነው። ጓደኞቿ አቅፈው ሳሟት። እሷም ሳመቻቸው፣ ጥቅልሉን በብብቷ ይዛ።

ከሕንጻው ስትወጣ ስልኳ ጠራ፤ ወለላ ናት። ከጀርባዋ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ ይሰማል።

«እህስ፣ እንዴት ሆነልሽ?»

«አለፍኩ እትዬ። ኤ አገኘሁ።»

«ተመስገን ጌታዬ። ተመስገን። እናትሽ ባየችሽ።» ከዚያ ድምፅዋን ከዝናቡ በላይ ከፍ አደረገች። «ሰውየውስ? ጠየቅሽልኝ?»

ቤተልሔም ውሸት ፈለገች። ጠየቅኩት፣ ይቅርታ አለ፣ አፈረ ማለት ይቻል ነበር። ግን አፏ እንቢ አላት። «አልጠየቅሁትም» አለች።

«ምነው? አልመጣም?»

«መጥቶ ነበር። ኤውን የሰጠኝ እሱ ነው።»

ከዝናቡ ሥር ያ የድሮው ድምፅ መጣ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ወፍራም፣ ጥልቅ። ቤተልሔም ሳፋው እስከ አፉ መድረሱን አወቀች።

«እሺ ልጄ» አለች ወለላ። «ቆይ፣ ሳፋው ሞልቷል፣ ደፍቼው ልምጣ።»

ስልኩ ሲቀመጥ ተሰማ። ቤተልሔም ደረጃው ላይ ቆማ ጠበቀች። ሳፋው ወለሉ ላይ ሲጎተት፣ በሩ ሲከፈት፣ ውሃው ደጅ ሲደፋ፣ ሳፋው ወደ ቦታው ሲመለስ ሰማች። ከዚያ የወለላ እርምጃ ስልኩ አጠገብ ደርሶ፣ ሳታነሳው አልፎ ወደ ኩሽና ሄደ።